ልጆችን ይዞ ረጅም መንገድ፦ ከጊንጪ እስከ ናይሮቢ

ለዚህ ሳምንት ዓምዳችን ምክንያት የሆነን ከምዕራብ ሸዋ፣ ከደንዲ ወረዳ፣ ከጊንጪ ከተማ አንዲት እናት የላኩልን ደብዳቤ ነው። ባለቤታቸው ናይሮቢ ሥራ ይዘው ከተቀመጡ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። አሁን ቤት ስለ ተከራዩ «ልጆቹን ይዘሽ ነይ» ብለዋቸዋል። ልጆቹ ሦስት ናቸው፤ የስምንት ዓመት ሴት ልጅ፣ የአራት ዓመት ወንድ ልጅና ዘጠነኛ ወሩን የያዘ ሕፃን። የአውሮፕላኑ ዋጋ ከአቅም በላይ ስለሆነ በአውቶቡስ መሄዳቸው ነው። እንዲህ ሲሉ ይጠይቃሉ፦ «የማደሪያ ገንዘብ ለመቆጠብ ብዬ ሳላርፍ በሁለት ቀን ብደርስ ልጆቼ ይችሉታል ወይ? ጎረቤቴ ደግሞ የሚያስተኛ ሽሮፕ ስጪያቸው፣ መንገዱን ሳያውቁት ትደርሳላችሁ ትለኛለች።»

የኋለኛውን አስቀድመን እንመልስ፤ ትልቁ አደጋ ያለው እዚያ ላይ ነውና። አይስጧቸው። ለጉንፋን፣ ለማሳከክ ወይም ለማስመለስ ተብለው የሚሸጡ፣ እግረ መንገዳቸውንም እንቅልፍ የሚያመጡ ሽሮፖችን ለመንገድ «ማስተኛ» አድርጎ መስጠት በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ከእነዚህ አንዱ ፕሮሜታዚን የሚባለው መድኃኒት ነው። ይህ መድኃኒት ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ጨርሶ አይሰጥም፤ የሕፃኑን ትንፋሽ እስከ ማቋረጥ ሊደርስ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣንም እ.ኤ.አ. በ2004 ከፍተኛውን የማስጠንቀቂያ ምልክት እንዲለጠፍበት አድርጓል። አውቶቡስ ውስጥ ነጠላ ተከናንቦ በእናቱ ጭን ላይ የተኛ ሕፃን መተንፈሱንና አለመተንፈሱን ማን ያያል? ሁሉም «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው፣ አያለቅስም» ነው የሚለው። የሚያስመልሰው ትልቅ ልጅ ካለ መድኃኒቱንም መጠኑንም የጤና ባለሙያ በልጁ ክብደትና ዕድሜ ይወስን፤ ጎረቤት አይወስንም።

አሁን ወደ መንገዱ እንመለስ። ጊንጪ ከአዲስ አበባ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከአዲስ አበባ ሞያሌ 770 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሞያሌ ናይሮቢ ደግሞ ሌላ 780 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። ሲደመር ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ዛሬ መንገዱ አስፋልት ነው። ከሞያሌ እስከ ማርሳቢት ያለው ክፍል እስከ 2009 ዓ.ም. ገደማ ድረስ ተሠርቶ ሳያልቅ በነበረበት ዘመን ሰው በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ፣ አቧራ ለብሶ ነበር የሚሻገረው። ስለዚህ በሁለት ቀንና በሁለት ሌሊት መድረስ ለአንድ ጎልማሳ ሰው ይቻል ይሆናል። ለዘጠኝ ወር ሕፃን ግን ሌላ ነገር ነው። ትልቅ ሰው ሲጠማው ይታገሣል፤ ሲደርስ ይጠጣል። ትንሽ ልጅ በሰውነቱ ውስጥ የሚያኖረው የውሃ ስንቅ አነስተኛ ስለሆነ በሙቀትና በትውከት ቶሎ ይደርቃል። ከጊንጪ ደጋ፣ ከ2,200 ሜትር በላይ ካለ አገር ተነሥቶ በማግስቱ ወደ ስምጥ ሸለቆ ሙቀት፣ ከዚያም ሞያሌ 1,100 ሜትር ገደማ ወዳለው ቆላ የሚወርድ ልጅ ደግሞ ሙቀቱ ይበልጥ ይከብደዋል።

እኛ የምንመክረው መንገዱን ቢያንስ በአምስት ቀን መክፈል ነው። የመጀመሪያው ቀን ከጊንጪ አዲስ አበባ ብቻ ይሁን። ዘመድ ቤት አርፎ፣ ልጆቹን አጥቦ፣ በጊዜ ማስተኛት ይገባል። በማግስቱ ንጋት ላይ የሚነሣው አውቶቡስ ከየትኛው መናኸሪያ እንደሚወጣ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አጣርቶ ትኬት መቁረጥ ነው፤ የአዲስ አበባ መናኸሪያ ብዙ ስለሆነ በጨለማ ሦስት ልጅ ይዞ ካንዱ ወደ ሌላው መባዘን አያስፈልግም። ሁለተኛው ቀን ዲላ ያድርሳችሁ፤ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሦስተኛው ቀን በሐገረ ማርያምና በያቤሎ አድርጎ ሞያሌ ይገባል። አራተኛው ቀን ድንበሩን በጧት ተሻግሮ ማርሳቢት፣ አምስተኛው ቀን ናይሮቢ።

ገንዘቡ ለዚህ ሁሉ አይበቃም የምትሉ ትኖራላችሁ። ይገባናል። የምታድሩበት ገንዘብ ለአንድ ሌሊት ብቻ ቢሆን እንኳ ያችን ሌሊት ሞያሌ ላይ አድርጓት። ብዙ ሰው ዲላ ወይም ሐዋሳ ላይ ያድርና ድንበሩን ግን ማታ በድካም ይሻገራል። በእኔ ግምት ይህ የተገላቢጦሽ ነው። ወረቀት የሚመረመርበት፣ ዕቃ የሚወርድበት፣ ገንዘብ የሚመነዘርበት፣ ልጅም ከእጅ የሚያመልጥበት ቦታ ድንበሩ ነው። እዚያ ላይ እናትም ልጅም እንቅልፍ የጠገቡ መሆን አለባቸው።

ስለ ወንበር አንድ ነገር ልበል። አንድ ትኬት ቆርጦ ሁለት ልጅ ጭን ላይ፣ ሦስተኛውን በመተላለፊያው ላይ ከዕቃ ጋር ማስቀመጥ ቁጠባ ይመስላል። ነገር ግን ፍሬን በድንገት ሲያዝ ጭን ላይ ያለን ልጅ በክንድ መያዝ የማይቻል ነው፤ የአራት ዓመት ልጅ በክንድ ጉልበት የሚገታ ክብደት አይሆንም። ቢያንስ ሁለት ወንበር ጎን ለጎን ይግዙ፤ ከተቻለ ሦስት። ሕፃኑ በአንቀልባ ደረትዎ ላይ ይታሰር። ወንበሩ ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት፣ ከአውቶቡሱ መካከል ወዲህ ቢሆን ንቅናቄው ይቀንሳል። የኋለኛው ወንበር ይንጣል፤ የሚያስመልሰውም እዚያ ነው። ልጁን በበሩ አጠገብና በሚኒባስ ሞተር ክዳን ላይ አያስቀምጡ።

ማስመለሱን ካነሣን ዘንድ፦ የመንገድ ማቅለሽለሽ ከሁለት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ይበዛል። ስለዚህ ከደብዳቤ ጸሐፊያችን ልጆች የሚያሠጉት ሁለቱ ትልልቆቹ ናቸው፤ ሕፃኑ ያን ያህል አይደለም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን መጠበቂያ «እየሄድን ነው» ሲል፣ ወንበር ጀርባ ላይ ያፈጠጠው ዓይን «ቆመናል» ይላል። መፍትሔውም ዓይን ሩቁን ተራራ እንዲያይ ማድረግ ነው። ስልክ ሰጥቶ ፊልም እንዲያዩ ማድረግ ዝም ያሰኛቸዋል እንጂ ማቅለሽለሹን ያብሰዋል። ሎሚ ማሽተት ብዙዎችን ያስታግሳል፤ ጉዳት የለውም። ከሁሉ በላይ ንጹሕ አየር ነው። ግን መስኮት ለመክፈት እጅዎን ሲዘረጉ ከኋላ «ኧረ ዝጊው እቴ፣ ንፋስ ይመታናል!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ስልሳ ሰው ታፍኖ አንዱ የአንዱን ትንፋሽ ሲምግ ውሎ «ንፋስ ይመታናል» ማለት የሚገርም ነው። ሳል ያለበት ሰው በሽታውን የሚያካፍለው በተዘጋው መስኮት ነው። ታዲያ መጨቃጨቁ ስለማያዋጣ ገና ሲሳፈሩ በአጠገብዎ ያሉትን «አባባ፣ ልጄ ያስመልሰዋል፤ ትንሽ ብከፍት ይፈቅዱልኛል?» ብለው ቢጠይቁ ይሻላል። የሚያስመልስ ልጅ አጠገብ የተቀመጠ ሰው መስኮት አይከለክልም።

ስንቅ ስናዘጋጅ ደግሞ የደንዲ እናቶች ዕድለኞች ናቸው፤ ገብሱ ከደጃቸው ነው። ጭኮው ግን ለአባትየው ስጦታ ሆኖ ታሽጎ ይሂድ። ቅቤ የበዛበት ምግብ በመንገድ ላይ ልጅን ያስመልሳል። ለመንገዱ ደረቅ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንችና በዕለቱ የሚበላ ቅቅል እንቁላል ይበቃል። ሙዝ ከየከተማው ይገኛል፤ እናቱ ራሷ የምትልጠው ስለሆነ ንጹሕ ነው። ተልጦና ተቆርጦ በሳህን ከሚሸጥ ፍራፍሬ ይራቁ። ቆሎ ለስምንት ዓመቷ እንጂ ለአራት ዓመቱ ልጅ በሚንገጫገጭ መኪና ውስጥ አይሰጥ፤ ትን ብሎት ጉሮሮው ሊዘጋ ይችላል። የሕፃኑ ነገር ከሁሉ የቀለለ ነው፤ ጡት ነው። ጡጦ ለመንገድ አይያዝ፤ የሚቀቀልበት ቦታ የለምና የተቅማጥ መነሻ ይሆናል። ተጨማሪ ምግቡን በስኒና በማንኪያ ማብላት ይበቃል፤ ጡቱን ግን ከወትሮው አብዝቶ ማጥባት ያሻል፤ እናትየዋም ውሃ ትጠጣ።

አንዳንድ እናት «ሽንት እንዳያስቸግሯት» ልጆቿን ውሃ ትከለክላለች። ይህ በቆላ አገር ክፉ ልማድ ነው። ውሃውን መስጠት፣ ሽንቱን ደግሞ ማዘጋጀት ነው የሚሻለው። ከመነሣት በፊት ሾፌሩንና ረዳቱን በስማቸው ጠይቆ፣ «ወንድሞቼ፣ ሦስት ልጆች ይዣለሁ፤ ብንቸገር ታቆሙልናላችሁ» ብሎ አደራ መስጠት ይረዳል። ሰው አደራ ከተሰጠው በኋላ እንደ ማያውቅ አይሆንም። አውቶቡሱ በቆመበት ሁሉ ልጆቹ «አልመጣብኝም» ቢሉም ይውረዱና ይሞክሩ። ክዳን ያለው ትንሽ ፖፖ ወይም ቆርቆሮ፣ አንድ ነጠላ ለመከለያ፣ ጥቂት ፌስታልና እርጥብ ጨርቅ በእጅ ሻንጣ ይያዝ። ይህ ሻንጣ ጣራ ላይ እንዳይወጣ። ከእሱ ጋር የእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቅያሬ ልብስና ሹራብም ይሁን፤ የሚፈለግበት ሰዓት አይታወቅም። ያቤሎ ላይ ያላበው ልጅ ከኢሲዮሎ በኋላ መንገዱ የኬንያን ተራራ ትከሻ ሲወጣ እንደ ጊንጪ ክረምት ይበርደዋል።

ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዛቸው ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩ፣ ማለትም ኦ.አር.ኤስ.፣ ከሻንጣው ይውጣ። ከጤና ጣቢያ ወይም ከመድኃኒት ቤት አስቀድመው አምስት ስድስት ከረጢት ይያዙ። አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋል። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከሩብ እስከ ግማሽ ብርጭቆ፣ ከዚያ በላይ ላለው ከግማሽ እስከ አንድ ብርጭቆ ቀስ እያሉ በማንኪያ መስጠት ነው። ካስመለሰው አሥር ደቂቃ ታግሦ እንደገና ይጀመራል። የአካባቢያችን ሰው በአምቦ ውሃ ይኮራል፤ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ይህን ንጥረ ነገር በአምቦ ውሃ መበጥበጥ አይገባም፤ ጋዝ ያለበትና የራሱ ማዕድን የበዛበት ስለሆነ የተመጠነውን ጨው ያዛባዋል። ለሕፃን ሆድም አይስማማም። ዓይኑ የጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ የማይወጣው፣ መጥባት ያቃተው ልጅ ግን መንገዱን ይተውና በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይግባ። የከፈሉበት ትኬት ቢቃጠል ይቃጠል።

አሰልቺውን ሰዓት ለማሳለፍ ገንዘብ አያስፈልግም። የደንዲ ልጅ ሂቦ ያውቃል፤ እንቆቅልሽም ያውቃል። ታላቂቱ ጠያቂ፣ ታናሹ መላሽ ሆነው ሁለት ሰዓት ያልፋል። «እስከሚቀጥለው ከተማ ስንት ግመል እናያለን?» ማለት ደግሞ ከያቤሎ በኋላ በደንብ ይሠራል፤ ዓይናቸውንም ወደ ሩቁ ያስወጣላቸዋል።

ከወረቀቱ ጉዳይ ብዙ ሰው የሚሰናከለው በቀን አቆጣጠር ነው። መስከረም 1 ቀን 2010 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፓስፖርቱ ላይ የተወለደው እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2017 ነው። የክትባት ካርዱ በኛ አቆጣጠር፣ ፓስፖርቱ በነሱ ከሆነ ለመርማሪው ሁለት ልጅ ይመስላል። ስለዚህ ሁሉም ወረቀት ላይ ያለው ስምና ቀን አንድ መሆኑን ገና በጊንጪ ሳሉ ያመሳክሩ። ከአንድ ዓመት በላይ ያሉት ልጆችና እናትየዋ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያስፈልጋቸዋል፤ ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ አሥር ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። ስለ ዘጠኝ ወሩ ሕፃን የጤና ባለሙያ ያማክሩ። የልደት ምስክር ወረቀት ይያዝ። አባት አብሮ ስለሌለ የጋብቻ ማስረጃና የአባትየው የፈቃድ ደብዳቤ ቢኖር ጥያቄን ያሳጥራል፤ በዚህ መስመር ሰው አዘዋዋሪዎች ስለሚበዙ ኬላ ላይ ያለ ሹም ልጆች የያዘችን ሴት ቢጠይቅ ለልጆቹ ደኅንነት ነው። ኢትዮጵያና ኬንያ ለዜጎቻቸው ቪዛ ያነሡበት ስምምነት የቆየ ቢሆንም ደንብ ይሻሻላልና ከመነሣት በፊት አዲስ አበባ ያለውን የኬንያ ኤምባሲ መጠየቅ አይከፋም።

ሞያሌ ላይ የሁለቱ አገሮች የጋራ የድንበር ኬላ በኅዳር ወር 2013 ዓ.ም. ተመርቋል። የሁለቱም አገር ሠራተኞች በአንድ ቦታ ስለሚሠሩ እንደ ቀድሞው ሁለት ጊዜ መሰለፍ ቀርቷል። ቢሆንም በአካባቢው ዕቃ ልሸከም፣ ገንዘብ ልመንዝር፣ ወረቀት ላስጨርስ የሚል አይጠፋም። ፓስፖርቱ ከእናትየዋ እጅ ወደ ደላላ እጅ አይተላለፍ። ልጆቹም አንድ ዓይነት ደማቅ ቀለም ያለው ሹራብ ይልበሱ። በልብሳቸው ውስጠኛ ክፍል የአባታቸው የናይሮቢ ስልክ ከነ254ቱ፣ የአንድ ዘመድ ስልክ ከነ251ዱ ተጽፎ ይሰፋላቸው። የአራት ዓመት ልጅ «እናትህ ማን ትባላለች?» ሲባል «እማዬ» ነው የሚለው። ሙሉ ስሟን ከጉዞው በፊት እንደ መዝሙር ያስጠኑት። ከጠፋም ባለበት ቆሞ እንዲጠብቅ እንጂ እንዳይፈልግ ይነገረው።

ከድንበሩ ማዶ ሁለት ነገር ይለወጣል። አንደኛው መኪና በግራ በኩል መሄዱ ነው። ልጆቻችን መንገድ ሲያቋርጡ መጀመሪያ ወደ ግራ ማየት የለመዱ ናቸው፤ እዚያ ግን መኪናው የሚመጣው ከቀኝ ነው። የአውቶቡሱም በር በሌላው ጎን ነው። ናይሮቢ ከደረሱም በኋላ ለብዙ ሳምንታት እጃቸው ሊያዝ ይገባል። ሁለተኛው ሰዓት ነው። ትኬቱ ላይ የተጻፈው የጧት 7 ሰዓት የኛው የጧት 1 ሰዓት ነው። የሚገርመው ግን ኬንያዊው በስዋሂሊ ሲናገር እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ስለሚቆጥር ያንኑ ሰዓት አንድ ይለዋል። ስለዚህ አፍ የነገረዎትንና ወረቀት ላይ ያለውን ለይተው ይወቁ፤ አውቶቡስ ያመለጣቸው ሰዎች ያመለጣቸው በዚህ ነው።

ቋንቋው ግን የደንዲን እናት እንደሌላው አያስጨንቃትም። ከሞያሌ እስከ ማርሳቢት፣ ኢሲዮሎም ድረስ ቦረናዎች ስለሚኖሩ በኦሮምኛ «ቢሻን» ብላ ውሃ የምትጠይቅ ሴት ውሃ ታገኛለች። ዘዬው ይለያል እንጂ ይግባባሉ። ከዚያ ወዲያ «ማጂ» ውሃ፣ «ቾ» መጸዳጃ ቤት፣ «ምቶቶ» ልጅ መሆኑን ማወቅ የመጀመሪያውን ቀን ያሻግራል።

የቀረን የወባ ነገር ነው። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ወባ በአገራችን በብዙ ቦታ መልሶ መበርታቱ ይታወቃል፤ የደጋ ልጅ ደግሞ በሽታውን የሚከላከል አቅም በሰውነቱ ውስጥ አላዳበረም። በመድኃኒት የተነከረ አንድ አጎበር ሲታጠፍ ከአንድ ብርድ ልብስ ያነሰ ቦታ ይይዛል፤ በየማደሪያው ለአራቱም ይበቃል። ሲመሽ ረጅም እጅጌ ይልበሱ። የወባ ትኩሳት በመንገድ ላይ ላይታይ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ከተነደፉ ከ7 እስከ 30 ቀን ውስጥ ነው የሚነሣው። ናይሮቢ ከተማ ከፍታዋ ስለሚረዳት ወባ ብዙ የማይታይባት በመሆኗ፣ እዚያ ያለ ሐኪም የልጁን ትኩሳት ጉንፋን ብሎ ሊያልፈው ይችላል። እናትየዋ «በዚህ ቀን በስምጥ ሸለቆ፣ በዚህ ቀን በሞያሌ አልፈናል፤ ደሙ ይመርመርልኝ» ብላ ራሷ ትናገር። ያደሩባቸውን ከተሞችና ቀኖቹን በክትባት ካርዱ ጀርባ ላይ ጽፎ መያዝ ለዚህ ይጠቅማል።